የአጥሩ ኮሽምና የኬኩ ቼሪ

በእሑድ ከሰዓት በኋላ በሆሳዕና ከተማ ወደ አንድ ኬክ ቤት ጎራ ያለ ሰው፥ በመስተዋቱ ሣጥን ውስጥ ከተደረደሩት ኬኮች መካከል «ብላክ ፎረስት» የሚባለውን ብዙውን ጊዜ ያገኘዋል። በቸኮላታና በክሬም ተለብጦ፥ በአናቱ ላይ አንዲት እንደ ዶቃ የምታበራ ቀይ ፍሬ ተቀምጣበት ይታያል። ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ በተቀበለ ሰሞን ጓደኞቹን የሚጋብዘው በዚሁ ነው፤ ተማሪዋም የልደት ቀኗን የምታከብረው በዚሁ ነው። ብዙው ሰው ኬኩን በልቶ ሲያበቃ ቀይዋን ፍሬ ለመጨረሻ ያቆያታል። ይኸውም ስለ ጣዕሟ ሳይሆን ስለ ክብሯ ይመስለናል።

ይህች ፍሬ ቼሪ ትባላለች። ከየት እንደ መጣችና ምን እንደ ሆነች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ይህን ጥያቄ ያነሣነው ስለ ኬክ ለማውራት ብለን ሳይሆን፥ ከእርስዋ ተነሥተን ስለ ራሳችን ጓሮና ስለ ራሳችን ማጀት የምንናገረው ነገር ስላለን ነው።

የቼሪ ዛፍ የብርድ አገር ዛፍ ነው። በበረዶው ወራት ቅጠሉን አራግፎ፥ ከዜሮ እስከ ሰባት ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ ለብዙ መቶ ሰዓቶች ካላንቀላፋ በስተቀር ደኅና አድርጎ አያብብም፤ ካላበበም አያፈራም። ዛሬ በዓለም ላይ ቼሪን በብዛት በማምረት የታወቀችው ቱርክ ስትሆን፥ የፍሬውም ስም በጥቁር ባሕር ዳር ከነበረችው ከኬራሶስ ከተማ ጋር ይያያዛል። ይህች ከተማ ዛሬ ጊሬሱን ትባላለች። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ፥ ሉኩሉስ የሚባለው የጦር አለቃ ከጳንጦስ ዘመቻ በኋላ ፍሬውን ወደ ሮማ እንዳመጣው ጽፏል። እንግዲህ የጦር አለቃ ከዘመቻ ሲመለስ ከምርኮ ጋር የፍሬ ችግኝ ይዞ መግባቱ ሊያስደንቀን የሚገባ ነገር ነው።

ቼሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጣፋጭ ሆኖ በጥሬው ይበላል፤ ሁለተኛው ጎምዛዛ ሆኖ ለምድጃና ለምጣድ ይፈለጋል። ኬኩ ስሙን ያገኘበት በጀርመን አገር ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው «ጥቁሩ ደን» የተባለው አውራጃ ነው፤ የኬኩም ነፍስ ይኸው የቼሪ ፍሬ ነው። በእኛ አገር በኬኩ አናት ላይ የምትታየው ግን ብዙውን ጊዜ በጠርሙስ ታሽጋ ከውጭ የመጣች ናት። እንዲህ ያለችው ፍሬ አስቀድማ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ባለበት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፋ የተፈጥሮ ቀለሟ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ በስኳር ትጠግብና በቀለም እንደ ገና ትነከራለች። ስለዚህ ቅላቷ የራሷ አይደለም፤ ጣፋጭነቷም የራሷ አይደለም ማለት ነው።

ይህን የምንለው ኬክ የሚበላውን ለመንቀፍ አይደለም። ሠርቶ ያገኘ ሰው በገንዘቡ የወደደውን ይበላል። እኛ ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። ቼሪ በሚያፈራበት አገር የፍሬው ወራት ከጥቂት ሳምንታት አይበልጥም። ወፍ ይቀድማል፥ ዝናብ ይሰነጥቀዋል፥ የተረፈውም በጥቂት ቀን ይበሰብሳል። የቱርክና የሃንጋሪ፥ የጀርመንና የፖላንድ የቤት እመቤቶች ይህን ስለሚያውቁ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት እጃቸው አያርፍም። ከፊሉን በስኳር አፍልተው ማርማላታ ያደርጉታል፤ ከፊሉን በፀሐይ ያደርቁታል፤ ከፊሉን በጠርሙስ ያሽጉታል፤ ከፊሉን በሊጥ ጠቅልለው ይጋግሩታል። ሃንጋሪዎችማ ቀዝቃዛ ሾርባ ሳይቀር ይሠሩበታል። ቼሪ እስከ ሆሳዕና ኬክ ቤት ድረስ የመጣው ፍሬው ከፍሬ ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም፤ እንዳይባክን የሚያደርግ ሙያ ስለ ተከተለው ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ፍሬው ሳይሆን ባልትናው ነው።

አሁን ወደ እኛ ጓሮ እንመለስ። ከሐዲያና ከከምባታ ደጋ ላይ ቼሪ ተክሎ ደኅና ፍሬ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ብትገኝም፥ ሌሊቱ ቢበርድም፥ ዛፉ የሚፈልገው ረጅም የብርድ እንቅልፍ እዚህ የለም። ነገር ግን የቼሪ ዘመዶች አሉን። በሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት አቆጣጠር ቼሪና ኮክ፥ በደጋው ጫካችንም የሚበቅለው ጥቁር እንጨት ፕሩነስ የሚባል የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። የጥቁር እንጨት ፍሬ መራራ ስለ ሆነ ለምግብ አይሆንም፤ ቅርፊቱ ግን በውጭ አገር ለመድኃኒት ይፈለጋል። ኮክ ግን በየጓሮው አለ፤ ወቅቱ ሲደርስ በየመንገዱ ዳር በሳህንና በቅርጫት ይሸጣል፤ ወቅቱ ሲያልፍም ከዛፉ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል።

የቼሪ ዘመድ ባይሆንም የቼሪን ሥራ ሊሠራ የሚችል ሌላ ፍሬ ደግሞ አለ። እርሱም ኮሽም ነው። እሾሁ ረጅምና ጠንካራ ስለ ሆነ ገበሬው አጥር ያደርገዋል፤ ፍሬው ሲበስል ብጫ ይሆንና ወደ ብርቱካን ቀለም ይሄዳል፤ ጣዕሙም ጥርስ የሚያጥር ኮምጣጣ ነው። ከእርሱም ጋር አጋምና እንጆሪ፥ ዶቅማም አሉ። ከመካከላችን በልጅነቱ ገጠር ያደገ ሁሉ እነዚህን ፍሬዎች ያውቃቸዋል። ያወቃቸው ግን በጫካና በአጥር ሥር ነው፤ በገበታ ላይ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ወደ ዶዮገና በሚወስደው መንገድ አካባቢ ከአንድ የገበሬ ቤት በእንግድነት ገብተን ነበር። የቤቱ እመቤት በደስታ ተቀበሉን። ከእንሰቱ ጥላ ሥር መቀመጫ አውጥተው ካስቀመጡን በኋላ ግን ፊታቸው ትንሽ ቅር አለው። «ልጆቼ፥ ምን ላብላችሁ እንግዲህ? ቤት ውስጥ ያለው ቆጮ ብቻ ነው» አሉን። እኛም ቆጮው እንደሚበቃን ብንናገር እሺ አላሉም። ብር አውጥተው ትንሹን ልጅ ወደ ሱቅ ላኩት። ልጁ እስኪመለስ ድረስ አጥሩን ስንመለከት ኮሽሙ ፍሬ በፍሬ ሆኗል። ከሥሩም የወደቀው መሬቱን አልብሶታል፤ ዶሮዎች ይጭሩታል።

«እናታችን፥ ይህን ፍሬ ምን ታደርጉበታላችሁ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ኮሽሙን ነው?» ብለው ሣቁ። «ልጆች ይለቅሙታል። የእረኛ ነገር ነው እንጂ ለእንግዳ ይቀርባል እንዴ?»

ልጁ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ይዞ መጣ። በብስኩቱ ወረቀት ላይ የሚያምር የፍሬ ሥዕል ነበረበት። ከፍተን በላነው፤ ፍሬው ከወረቀቱ ላይ እንጂ ከብስኩቱ ውስጥ አልነበረም። ቆጮው ደግሞ በኮባ ቅጠል ተጋግሮ ትኩሱን በዓይብ ሲቀርብ፥ የቀኑ ክብር የነበረው እርሱ እንደ ነበረ ከእኛ መካከል ያልተረዳ አልነበረም። እናታችን ግን ዓይናቸው ከብስኩቱ ላይ ነበር፤ እንግዳ አክባሪነታቸውን የሚያስመሰክርላቸው እርሱ መስሏቸው ነበርና።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ይኸው ነው። ይህ አስተሳሰብ የእኒያ እናት ጥፋት አይደለም። የተማርነው ልጆቻቸው ከከተማ ስንመጣ ብስኩት ይዘን መጥተን፥ ኮሽሙን አይተን እንዳላየን ስላለፍን ከእኛ የተማሩት ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚያሳዝነው ደግሞ የሚከተለውን ስናስብ ነው። ኮሽም በደቡብ አፍሪካ የቅርብ ዘመድ አለው። በዚያ አገር በኬይ ወንዝ ስም «ኬይ አፕል» ይባላል። እርሱም እሾሃም ነው፤ እርሱም አጥር ነው፤ ፍሬው ብጫና ኮምጣጣ ነው። የዚያ አገር የቤት እመቤቶች ግን ማርማላታ አድርገው በጠርሙስ ያስቀምጡታል። የአጋማችን ዘመድ የሆነውንም «ናታል ፕለም» የሚሉትን እንዲሁ ያደርጉታል። ከሐዲያና ከከምባታ ደግሞ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ እጅግ ብዙ ወጣት ወደዚያው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰዷል። በየሱቁ ቆሞ ዕቃ ይሸጣል። ማን ያውቃል፤ ከሚሸጠው መካከል የአባቱ አጥር ዘመድ የሆነው ፍሬ በጠርሙስ ታሽጎ ይገኝ ይሆናል።

የዚህ ጉዞ ዋጋ ምን እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ አገር በቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ሣጥን ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ሲገኙ፥ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። እኛ ማርማላታ ስደትን ያስቀራል ብለን አንቀልድም። ስደትን ያመጣው የመሬት ጥበትና የሥራ ማጣት ነው፤ ከምባታም ሆነ ሐዲያ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጨናንቆ ከሰፈረባቸው ቦታዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ነገር ግን አባት ለልጁ የሚያካፍለው መሬት እያነሰ በሄደ ቁጥር፥ ከዚያችው ቁራሽ የሚገኘውን ሁሉ አንድም ሳይጥሉ መጠቀም ግዴታ ይሆናል። አጥሩም ከመሬቱ ጋር ይቆጠራል። «በአገር ውስጥ ምን አለ?» የሚለው ንቀት የሚጀምረው ከድንበር ላይ ሳይሆን፥ ከጓሮ አጥር ሥር ይመስለናል።

ከጤናም አንጻር ነገሩ ቀላል አይደለም። የሐዲያና የከምባታ ሰው «ዌሳ» ብሎ የሚጠራው እንሰት የቤቱ ምሰሶ ነው። ድርቅ ቢመጣ ቆሞ የሚጠብቅ፥ ሲፈለግ የሚቆረጥ፥ ቅጠሉ ሳይቀር የሚያገለግል ተክል ነው። ነገር ግን ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ ሆኖ ሳለ፥ ገንቢው ንጥረ ነገርና ቪታሚኑ ጥቂት መሆኑ የታወቀ ነው። ባለሙያ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ጎመን፥ ዓይብና ወተት አብረው የሚያቀርቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬ በዚህ ገበታ ላይ ቢጨመር ለልጆች ትልቅ ጥቅም አለው። እርግጥ ነው፥ ፍሬ ሲበስል ከቪታሚን ሲ ከፊሉ በእሳት ይጠፋል። ስለዚህ ልጆች የሚችሉትን ያህል በጥሬው ይብሉ፤ እኛ የምንናገረው ተበልቶ ስለሚተርፈውና ስለሚበሰብሰው ነው።

አንዳንድ ሰው «ፍሬን አብስሎ ማስቀመጥ የፈረንጅ ሙያ ነው፤ ለእኛ ባዕድ ነው» ይል ይሆናል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ምግብን ሳይበላሽ በማቆየት ሙያ ከሐዲያና ከከምባታ እናቶች የሚበልጥ ከየት ይገኛል? እንሰቱን ፍቀው፥ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ቀብረው፥ አብላልተው ለወራት የሚያቆዩት እነርሱ ናቸው። ቅቤውን አንጥረው በቅመም የሚያሳድሩትም እነርሱ ናቸው። የቆጮው ምሥጢር ኮምጣጣነቱ ነው፤ ሲብላላ የሚፈጠረው አሲድ የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ያግዳል። የማርማላታም ምሥጢር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የፍሬው ኮምጣጣነት ከስኳሩ ጋር ሆኖ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ቆጮን ያወቀች እጅ ማርማላታን ለማወቅ የሚያስፈልጋት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ በወሬ ብቻ ድስት አይፈላምና። የበሰለ ኮሽም አንድ ኪሎ ታጥቦ፥ እንዳያር ያህል በጥቂት ውሃ ይቀቀላል። ሲለሰልስ በወንፊት ይታሻል፤ ፍሬው ብዙ ዘር ስላለው ይህን ሥራ መዝለል አይገባም። ከወንፊቱ በታች ለወረደው አንድ ኪሎ ድልህ ከ750 ግራም እስከ አንድ ኪሎ ስኳር ይጨመርበታል። ድስቱ የማይዝግ ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ ኮምጣጣ ነገር ከአሉሚኒየም ጋር አይስማማም። ከዚያ በኋላ እያማሰሉ ማፍላት ነው። ኮክ ከሆነ ደግሞ ፍሬው ተልጦ፥ ፍሬ ውስጡ ወጥቶ፥ ተቆራርጦ ይቀቀላል። ኮክ ኮምጣጣነቱ ጥቂት ስለ ሆነ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ ፍሬዎች በአንድ ሰሞን ከተገናኙ ግን ኮክን ከኮሽም ጋር ማጋባት ከሁሉ የተሻለ ነው። ጣፋጩና ኮምጣጣው ሲገናኙ፥ ፈረንጆች ስለ ጎምዛዛው ቼሪ የሚያወሩለት ጣዕም ምን እንደሚመስል ይገባናል። ከሐደሮ ጡንጦ በኩል የሚመጣው ዝንጅብል ጥቂት ተከትፎ ቢገባበት ደግሞ ሌላ ውበት ይሰጠዋል። የኮክን የውስጥ ፍሬ ግን ሰብሮ ከምግብ ጋር መቀቀል አይገባም፤ እንደ ቼሪው ፍሬ ሁሉ በውስጡ መርዝነት ያለው ነገር አለበትና።

እዚህ ላይ በራሳችን የደረሰውን ብንናገር ለአንባቢ ይጠቅማል። የመጀመሪያውን ማርማላታ የሠራነው ከባሕር ማዶ የመጣ መጽሐፍ ይዘን፥ በከሰል ምድጃ ላይ ነበር። መጽሐፉ ሙቀቱ 105 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ ይላል። እኛም ሙቀት መለኪያ ተውሰን፥ ድስቱን ከብበን ጠበቅን። መለኪያው አልወጣ አለ። ከሰል ጨመርን፤ እያማሰልን ክንዳችን ዛለ። በመጨረሻ 105 ሲደርስ በድስቱ ውስጥ የቀረው ማርማላታ ሳይሆን ከረሜላ ነበር፤ ማንኪያው ከውስጡ አልወጣ ብሎ ተሰበረ። ጥፋቱ የመጽሐፉም የከሰሉም አልነበረም። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ዳርቻ ከፍታ ላለ ሰው ነው። በሆሳዕና ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ማርማላታም የሚረጋው ውሃ ከሚፈላበት አራት ወይም አምስት ዲግሪ ከፍ ሲል ስለ ሆነ፥ በእኛ አገር 97 ሲደርስ ድስቱን ማውረድ ይገባል። መለኪያ የሌለው ደግሞ ጥቂቱን በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ ያድርግ፤ በጣት ሲገፉት ፊቱ ከተጨማደደ ደርሷል ማለት ነው። የውጭ መጽሐፍን መማር መልካም ነው፤ ነገር ግን የቆሙበትን ተራራ ሳይቆጥሩ መማር ማንኪያ ያሰብራል።

ጠርሙሶቹን ከነክዳናቸው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ማቆየት፥ ማርማላታውንም ትኩሱን ሞልቶ መክደን ያስፈልጋል። ክዳኑ ከተነፋ ወይም ሻጋታ ከታየበት ይጣል፤ በጤና ላይ ቁጠባ የለም።

ለመጋገር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ምድጃ የለኝም ብሎ ማዘን የለበትም። እናቶቻችን ድፎ ዳቦን ከላይና ከታች እሳት አድርገው በኮባ ቅጠል ሲጋግሩ የኖሩት የፈረንጅ ምድጃ ኖሯቸው አይደለም። የስንዴ ዱቄት በለጋ ቅቤና በጥቂት ስኳር ተለውሶ ይዳመጣል፤ በመካከሉ የበሰለው ፍሬ ይደረጋል፤ በላዩም ሌላ ሊጥ ተከድኖ ጠርዙ ይገጠማል። ፈረንጆች በዚህ ጊዜ ፍሬው ውሃ ሆኖ ሊጡን እንዳያበሰብስ የበቆሎ ስታርች ይጨምሩበታል። የእኛ ሰው ግን ከእርሱ የማያንስ ነገር በቤቱ አለው፤ እርሱም ቡላ ነው። ከእንሰቱ ተጨምቆ የሚጠለለው ነጩ ቡላ ንጹሕ ስታርች ነው። ለአንድ ኪሎ ፍሬ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቡላ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፥ በሚፈላው ፍሬ ላይ እያማሰሉ ቢያፈሱት ወዲያው ይወፍርና ያብረቀርቃል። ይህ ግን እንደ ማርማላታው ለወራት የሚቀመጥ አይደለም፤ በዕለቱ ወይም በማግሥቱ የሚበላ ነው። የጓሮው እንሰትና የአጥሩ ኮሽም በአንድ ምጣድ ላይ ሲገናኙ ማየት፥ ለእኛ የሩቅ አገር ኬክ ካደረገልን ደስታ የሚበልጥ ነበር።

አሁን ደግሞ ልንሰማቸው የሚገቡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ስኳር ውድ ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን የምንናገረው ስለ ኩንታል አይደለም፤ በአንድ ኪሎ ስኳር ስለሚሠሩ ጥቂት ጠርሙሶች ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ በአንድ እሑድ ጓደኞቹን ኬክ የሚጋብዝበትን ገንዘብ በዚህ ላይ ቢያውለው፥ ለወር የሚሆን ነገር ከመደርደሪያው ላይ ያገኛል። ስኳሩም የማይገኝ ከሆነ፥ ኮኩን ቀጠን አድርጎ ከትፎ በንጹሕ ጨርቅ ሥር በፀሐይ ማድረቅ ከጉልበት በቀር ወጪ የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የሚከብድ ነው። አንዲት የገበሬ ሚስት ውሃ ትቀዳለች፥ እንጨት ትለቅማለች፥ ልጅ ታሳድጋለች፤ ከሁሉ በላይ እንሰቱን ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትፍቃለች። ተክሉን የሚተክለው ወንዱ ቢሆንም፥ መፋቁና ማብላላቱ በባህሉ የሴት ሥራ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ሸክም ላይ «ማርማላታም ሥሪ» ብሎ መጨመር ግፍ አይሆንምን? ይሆናል እንላለን። ስለዚህም ነው ይህን ጽሑፍ ለእናቶች ሳይሆን ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች የምንጽፈው። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእናንተ ነው። የከሰል ምድጃ፥ ድስትና ወንፊት በየኪራይ ቤታችሁ ይገኛል። ወንድ ልጅ ከምድጃ ፊት መቆም አያምርበትም የሚል ካለ፥ ኬክ ቤት ውስጥ ኬኩን የሚጋግረው ብዙውን ጊዜ ወንድ መሆኑን ይመልከት። ለደመወዝ ሲሆን የሚያምር ሥራ ለእናት ሲሆን የሚያስነውርበት ምክንያት አይታየንም።

ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፥ ከየአቅጣጫው የመጡ ወጣት ሠራተኞች ተሰብስበውባታል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ከየክፍለ አገሩ የመጡ ተማሪዎችን ይዟል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ስለ ምግብ ዋስትና ዘገባ ይጽፋሉ፥ ስለ እሴት መጨመር ይሰበሰባሉ፥ በስብሰባውም መካከል በፕላስቲክ የታሸገ ብስኩት ይበላሉ። እኛ ሰሌዳ ተተክሎ፥ ሪባን ተቆርጦ የሚጀመር ነገር አንጠይቅም። እንዲህ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ ሰሌዳው ሲዝግ አብሮ ይዝጋል። የምንጠይቀው አንድ ሰው፥ በአንድ ቅዳሜ፥ አንድ ኪሎ ኮሽም ከአንድ ገበሬ አጥር በዋጋ ገዝቶ፥ ሠርቶ፥ ለጎረቤቱ እንዲያቀምስ ብቻ ነው። «በዋጋ ገዝቶ» ያልነውም ያለ ነገር አይደለም። ለአጥሩ ፍሬ ገንዘብ የተከፈለው ገበሬ፥ በማግሥቱ አጥሩን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

በመስከረም ወር ሐዲያ ያሆዴን፥ ከምባታም መሳላን ሲያከብሩ ከሩቅም ከቅርብም ያለው ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያን ጊዜ በሐዲያ ቤት ከቡላ፥ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው አታካና ይቀርባል። አታካናን የሚያህል ምግብ ያለው ሕዝብ በማንም ገበታ አይቀናም። ከከተማ የሚመለሰው ልጅ ግን በዚያ ቀን ከሱቅ የተገዛ ካርቶን ተሸክሞ ከሚገባ፥ በገዛ እጁ የሠራውን አንድ ጠርሙስ የኮሽም ማርማላታ ይዞ ቢገባ፥ እናቱ ምን ትል ይሆን? በመጀመሪያ ትሥቃለች። ከዚያ በቆጮው ጫፍ ነካ አድርጋ ትቀምሰዋለች። ከዚያ በኋላ ወደ አጥሩ ቀና ብላ ትመለከታለች።

እኛ የምንሻው ያንን መመልከት ነው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። የሩቅ አገር ሰዎች ጎምዛዛውን ፍሬያቸውን አክብረው፥ አብስለው፥ እስከ እኛ ኬክ ቤት ድረስ አድርሰውታል። እኛም የራሳችንን ጎምዛዛ ፍሬ ቢያንስ ከአጥሩ እስከ ገበታው ድረስ ማድረስ አያቅተንም፤ መንገዱ ከሃያ እርምጃ አይበልጥምና። ዳግመኛ ወደ ዶዮገና መንገድ ስንሄድ ወደ እኒያ እናት ቤት ጎራ እንላለን። ቆጮው በትኩሱ ሲቀርብልን፥ ልጁ ወደ ሱቅ እንዳይላክ ጠርሙሱን እኛው ይዘን እንገባለን።